ወደ ግራ የዞረ ጠባሳ

ክሪሳንቶ አሪፒ በሕይወቱ አንድም ፊት ከራሱ አውጥቶ አያውቅም። ቶባቲ በምትባል የፓራጓይ ከተማ ቅዱሳንን ከእንጨት የሚጠርብ ሰው ነበር፤ አባቱም አያቱም በዚሁ ሥራ ነው ያረጁት። የልብሱን እጥፋት፣ የእጁን ጣት፣ የእግሩን ጥፍር ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ፊት ላይ ሲደርስ ግን መሮውን ያስቀምጥና ሰው ፍለጋ ወደ ሰፈር ይወጣል። የቤተ ክርስቲያናችን ቅዱስ ዮሴፍ አንጥረኛው ነው። ቅዱስ ሮኬ ደግሞ በአረቄው አገር ያወቀው ደወል ደዋዩ ነው፤ ከእግሩ ሥር ያለው ውሻ እንኳ የሱው ውሻ ነው።

"ኧረ ክሪሳንቶ፣ በዚህ ሰካራም ፊት እንዴት ብለን እንጸልይ?" ሲሉት፣

"የሚጠጣው ጉሮሮው ነው፤ ፊቱ ምን አደረጋችሁ?" ይል ነበር።

ሕፃኑ ኢየሱስ ደግሞ ፓንታሌዮን ነበር። ፓንታሌዮን፣ ሁላችንም ፓንታ የምንለው፣ የጎረቤቱ የባሲሊሳ ልጅ ነው። ባሲሊሳ ባሏን ወንዝ የወሰደባት፣ ሲጋራ ጠቅልላ ገበያ እያወጣች የምትኖር ሴት ናት። አንድ ልጇን ክርስትና ያነሣላት ክሪሳንቶ ስለሆነ አበልጆች ናቸው። በኛ ዘንድ አበልጅነት እንደ ዘመድነት ብቻ አይታይም። ከወንድምህ ጋር ብትጣላ ሽማግሌ ያስታርቅሃል፤ አበልጅህን ከከዳህ ግን ለማስታረቅ የሚመጣ ሰው የለም፤ በሩቁ አልፎህ ይሄዳል።

ፓንታ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው የሸንኮራ መጭመቂያውን በሬዎች ሊነዳ ገብቶ፣ የሚሽከረከረው ግንድ ጉንጩን ቀደደው። ባሲሊሳ እየጮኸች ተሸክማው መጣች። ሐኪም ከየት ይምጣ? ክሪሳንቶ ልጁን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቀኝ ጉንጩን በሰም በታሸ ክር ሰፋው። ሰባት ጊዜ ወጋው። ልጁ አላለቀሰም፤ ያለቀሰው ክሪሳንቶ ነው። "አበልጄ፣ የምትሰፋው አንተ፣ የምታለቅሰውም አንተ!" እያለች ባሲሊሳ ለዓመታት ስትቀልድበት ኖረች። ጠባሳው ከዓይኑ ሥር እስከ ከንፈሩ ጥግ ወርዶ ቀረ። ፓንታ ሲስቅ ያ ጠባሳ ይሰበሰብና ሌላ ትንሽ ፈገግታ ይመስል ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሦስት አገር ተባብሮ እኛን የወጋበት፣ ከፓራጓይ ወንድ የሚባል ላያስቀር ጥቂት የቀረው ጦርነት ነው። መጀመሪያ ጎረምሶቹን ወሰዱ፤ ፓንታ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ሄደ። ከዚያ አባቶቹን ወሰዱ፤ ክሪሳንቶ አርባ አምስት ሞልቶት ነበር። ባሲሊሳም ማንም ሳይጠራት ሲጋራዋን በቅርጫት ይዛ ሠራዊቱን ተከተለች። እንደሷ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች ነበሩ፤ የወታደር ልብስ ያጥባሉ፣ ቁስለኛ ያነሣሉ፣ ሲመሽም ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ ልጄን ያያችሁ ይላሉ። የነሱም አለቃ አላቸው፤ ያለ ፈቃድ ማልቀስ እንኳ አይቻልም ነበር።

ክሪሳንቶ ከፓሶ ፑኩ የጦር ሰፈር ሲደርስ ቃሬዛ የሚሠራ አናጢ እሆናለሁ ብሎ ነበር። የጠራው ግን የሰፈሩን ጋዜጣ የሚያወጣው ሻምበል ሳማኒዬጎ ነው። ጺሙን በየጠዋቱ የሚላጭ፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው፣ ቃል አጣፋጭ ሰውዬ ነው። ወረቀቱን ከጫካ ቃጫ ቀጥቅጠው፣ ቀለሙን ከጥቁር ባቄላ ቀምመው፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያትማሉ። ወታደሩ ግማሹ ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ሥዕል ያስፈልጋል፤ ሥዕሉን ደግሞ ሳንቃ ላይ የሚቀርጽ ሰው ያስፈልጋል።

"ስማ ቅዱስ ጠራቢው" አለው ሻምበሉ። "እዚህ ሕጉ አጭር ነው። የኛ ሰው ይወፍራል፣ የነሱ ሰው ይከሳል። የኛ ሰው ይስቃል፣ የነሱ ሰው ይሸሻል። የኛ ሰው አይሞትም።"

"ጌታዬ፣ በእውነቱ ግን ልጆቹ አጥንታቸው..."

"'በእውነቱ' የሚባል ጋዜጣ አላወጣሁም።"

እንዲህ ሆኖ፣ አጥንታቸው ከወጣ፣ ጫማ ከሌላቸው፣ በተቅማጥ ከሚረግፉ ሰዎች መሐል ተቀምጦ ክሪሳንቶ ወፍራም ወታደር ሲቀርጽ ከረመ። የጠላትን ጄኔራል ኤሊ ላይ አስቀመጠው። የጠላትን ንጉሥ ጦጣ አድርጎ ዛፍ ላይ ሰቀለው። ለጦጣና ለኤሊ የሰው ፊት አያስፈልግምና ሥራው አልከበደውም። የሚስቁትን ሲያይ እሱም ደስ ይለው ነበር፤ ይህን አልደብቅለትም።

አንድ ነገር ግን አልገባ አለው። ሳንቃ ላይ የተቀረጸ ነገር ሲታተም ይገለበጣል፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ፊደል ለቃሚው ሌያንድሮ፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ የአሱንሲዮን ሰው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግሮታል።

"አንተ ሰውዬ፣ ሠራዊቱን በሙሉ ግራኝ አደረግኸው እኮ! ጎራዴ በግራ፣ ጠመንጃ በግራ፣ ትናንት ደግሞ ቄሱን በግራ እጁ አስባረክኸው። ገልብጠህ ቅረጽ!"

"ፊት ለፊቴ ያለውን ሰው እንዴት ገልብጬ አየዋለሁ?"

"እንደ መስተዋት አስበው።"

"መስተዋት አይቼ አላውቅም። ጺሜንም በዳበሳ ነው የምላጨው።"

ቅዱስ ጠርቦ ያደገ ሰው ነውና እጁ ያየውን እንዳየው ነው የሚያወጣው። ሻምበሉም "ተወው፣ ማን ያስተውላል?" አለና ነገሩ በዚያ ቀረ። ሠራዊታችን በጋዜጣ ላይ እስከ መጨረሻው ግራኝ ሆኖ ተዋጋ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የኛ ሰዎች የጠላትን ሰፈር ተዩቲ ላይ ወረሩ። ወረራው መጀመሪያ ሰምሮ ነበር። ምሽጉን አልፈው ገቡ፣ ድንኳኑን አቃጠሉ፣ ከዚያ የጠላትን የምግብ መጋዘን አገኙ። ለወራት በባዶ ሆዱ የከረመ ሠራዊት ስኳር በጆንያ፣ ዱቄት በበርሜል ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ጠመንጃውን ጥሎ ይበላል እንጂ። በእፍኛቸው ሲቅሙ ጠላት ተመልሶ መጣባቸው። እዚያው ጆንያው ላይ ነው ያለቁት።

ሻምበል ሳማኒዬጎ ግን "ድል ነው" አለ። "የጠላት ሬሳ ክምር እፈልጋለሁ። የኛ ወታደር ክምሩ ላይ ተቀምጦ የማቴ ሻዩን ይመጥ። ሥሩ ላይ 'ዛሬስ ወንበር አላጣንም' ተብሎ ይጻፋል። የሞተ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሂድ፣ ጋሪዎቹ ደርሰዋል፣ እይና ና።"

ክሪሳንቶ ሄደ። ጋሪዎቹ የጫኑት የኛን ሰዎች ነው። በሦስተኛው ጋሪ ጠርዝ ላይ ፓንታ አንገቱ ዘንበል ብሎ ተኝቷል። ከአፉ ዙሪያ ነጭ ነገር ደርቆበታል። ክሪሳንቶ ውርጭ መሰለው፤ ነካው፤ ስኳር ነው። ጠባሳው ሲስቅ እንደሚሰበሰበው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። በካፖርቱ እጅጌ አፉን ጠረገለት፤ ነጂው "ሰውዬ፣ ዞር በል!" ብሎ ጮኸበትና ጋሪው ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

በሰፈሩ ሞተ ማለት ክልክል ነበር። የሞተ ሁሉ "ተዛውሯል" ነው የሚባለው። ስለ ሞት የሚያወራ ልብ ይሰብራል፤ ልብ የሚሰብር ደግሞ ከጠላት አይለይም ተብሎ ጦር ይሰበቅበታል። በማግስቱ ባሲሊሳ ክሪሳንቶን ወንዝ ዳር አገኘችው።

"አበልጄ፣ ፓንታ ከወንዙ ማዶ፣ ቲምቦ፣ ተዛውሯል አሉኝ፤ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ" አላት። ሌላ ምን ይበላት?

"ያለ ብርድ ልብስ ነው እኮ የሄደው። እስቲ ወደዚያ የሚሻገር ሰው ካገኘህ ንገረኝ፣ ሁለት ሲጋራ እሰጠዋለሁ።"

"እነግርሻለሁ።"

ከዚያ ተመልሶ ሳንቃው ፊት ተቀመጠ። ክምሩን ቀረጸ፤ እግር፣ እጅ፣ የተገለበጠ ኮፍያ። የኛን ወታደር ከላይ አስቀመጠው፤ ኮፍያው ዓይኑን ሸፍኖታል፣ የማቴውን ቀንድ ይዟል፣ ቦት ጫማውን ከታች ያለው ሬሳ ላይ ጭኗል። ከቦት ጫማው አጠገብ አንድ ፊት ያስፈልግ ነበር። ክሪሳንቶ ደግሞ ፊት ከራሱ ማውጣት አይችልም። መሮውን አስቀምጦ ሰው ፍለጋ አልወጣም፤ የሚፈልገው ፊት ከዓይኑ ላይ አልነሣ ብሎታልና። ልጁ ሕፃን ሳለ አንድ ጊዜ የቀረጸው ፊት ነው። ቀኝ ጉንጩ ላይ ያለውን ጠባሳ እንደሰፋው አድርጎ አወረደው።

በኋላ፣ ሲያረጅ፣ ልጁ ያለ መታሰቢያ እንዳይቀር ብዬ ነው ያደረግሁት ይል ነበር። ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት፤ ግማሹን አምነዋለሁ። መታሰቢያ የፈለገ ሰው ግን የጠላት ልብስ አያለብሰውም፤ ቦት ጫማም አያስጭንበትም።

ጋዜጣው ሐሙስ ወጣ። ሌያንድሮ እንደ ልማዱ ልብስ አጣቢዎቹ ካሉበት መጥቶ ጉቶ ላይ ወጣና ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሥዕሉን ወደ ሴቶቹ አዞረው። "ዛሬስ ወንበር አላጣንም!" ሴቶቹ ሳቁ። ባሲሊሳም ሳቀች። እጇን ከሳሙናው አውጥታ "እስቲ አምጣው፣ እኔ ዓይኔ ደክሟል" አለች። ወረቀቱን አስጠግታ አየች። ሳቋ አፏ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ፓንታዬ" አለች መጀመሪያ ቀስ ብላ። ከዚያ ፀጉሯን ፈታችና እዬዬዋን አቀለጠችው።

ሁሉም ሲስቅ እሷ ብቻዋን አለቀሰች። በዚያ ሰፈር ለጠላት ሬሳ ማልቀስ ምን ማለት እንደሆነ ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ከአጠገቧ እንደ እሳት ሸሿት። የሴቶቹ አለቃ ክንዷን ጨብጣ ወደ ሻምበሉ ጎጆ ወሰደቻት።

ሻምበል ሳማኒዬጎ ጉዳዩን ሲሰማ ነገሩ ወዲያው ገባው። ሴትዮዋ እውነቷን ከሆነ የኛን ወታደር የጠላት ሬሳ አድርጎ ያተመ ጋዜጣ የሱ ጋዜጣ ነው ማለት ነው። የአገሩ ገዥና የጦሩ አዛዥ ማርሻሉ ዘንድ ከደረሰ ቀራጩም፣ ፊደል ለቃሚውም፣ እሱም ራሱ ከአንድ ግንድ ታስረው ይረሸናሉ። ክሪሳንቶንና ሌያንድሮን አስጠራቸው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ ገና ቀለሙ ያልደረቀው ሳንቃ። ሻምበሉ ሳንቃውን አንድ ጊዜ አየውና፣ ሞቆት እንደሆነ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ ላዩ ላይ አስቀመጠው።

"እህ፣ እማማ። ይህ የጠላት ሬሳ ልጄ ነው አልሽ?"

"ልጄ ነው ጌታዬ። ፓንታሌዮን ነው። ጠባሳውን እዩት።"

"ጠባሳ ያለበት ሰው ስንት ነው? የልጅሽ በየትኛው ጉንጭ ነው?"

"በዚህ ነው" አለች የራሷን ጉንጭ ነክታ። "በቀኙ። ይኸው እሱ ራሱ ነው የሰፋው፤ አበልጄ ነው፣ ጠይቁት!"

"እውነት ነው ቅዱስ ጠራቢው?"

"እውነት ነው ጌታዬ።"

"በቀኝ?"

"በቀኝ።"

ሻምበሉ ወረቀቱን አነሣና ከዓይኗ ፊት ዘረጋው። "በደንብ እይው እንግዲህ። ይኼኛው ጠባሳው በየት ነው?"

ባሲሊሳ አየች። ጣቷን በሥዕሉ ጉንጭ ላይ አኖረች፣ ከዚያ በራሷ ጉንጭ ላይ፣ ከዚያ ተመልሳ በሥዕሉ ላይ። ሌያንድሮ ጣሪያውን ይመለከታል። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ባርኔጣውን ማንሣት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሳንቃው ላይ ያ ጠባሳ በቀኝ ጉንጩ፣ ሰባት ስፌቱን ይዞ ተጋድሟል።

"በግራ ነው" አለች ባሲሊሳ። ድምፅዋ ተለወጠ። "በግራ ነው... የኔ ልጅ በቀኝ ነው።" ወደ ክሪሳንቶ ዞረች፤ ፊቷ ላይ የወጣውን ብርሃን እሱ እስኪሞት አልረሳውም። "አበልጄ፣ እሱ አይደለም ማለት ነው? አልሞተም?"

ፊት ከራሱ ማውጣት እንደማይችል ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች። ይህ ታዲያ የማነው ብላ ብትጠይቀው መግቢያ አልነበረውም። ግን ልጅሽ በሕይወት አለ የሚላትን ሰው የትኛዋ እናት መርምራ ታውቃለች?

ክሪሳንቶ ፈራ። ሌላ ምክንያት ፈልጌለት አላገኘሁም።

"አይደለም" አላት።

"የካአኩፔዋን ድንግል ማርያም ብለህ ማልልኝ!"

"የካአኩፔዋን ድንግል።"

ተንበርክካ እጁን ሳመችው። "ተባረክ! ልጄን ሁለት ጊዜ ሰጠኸኝ" አለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሻምበሉ ዞረችና እየሳቀች፣ እንባዋንም እየጠረገች "አጥፍቻለሁ ጌታዬ፣ ለማይረባ ጠላት አለቀስኩ። ቅጡኝ" አለች።

ቀጧት። ሃያ አምስት ጅራፍ፣ ከዚያ ወደ ኢሁ ጫካ ግዞት። ሲገርፏት ክሪሳንቶ እንዲያይ አላስገደዱትም፤ ቆሞ ያየው በራሱ ነው። ከጅራፉ በኋላ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ስታልፍ "ፓንታ ሲመጣ ወደ ኢሁ ሄዳለች በለው፣ አደራ" አለችው።

ጦርነቱ ማርሻሉንም ሠራዊቱንም በልቶ አለቀ። ክሪሳንቶ አንድ እግሩን እየጎተተ ቶባቲ ገባ። የሴቶች ከተማ ሆና ጠበቀችው፤ በየቤቱ ሦስት አራት የሞተ አለ፣ የተቀበረበት የሚታወቅ ግን የለም። ሴቶቹ ሁሉ መስቀል ፈለጉ። መስቀሉን ቤታቸው አቁመው፣ ለዘጠኝ ቀን ጸሎት አድርሰው ነፍሱን ሊሸኙ። ክሪሳንቶ ከዚያ ወዲያ መስቀል ብቻ ነው የሠራው። ቅዱስ ሥራልን ሲሉት እጄ ይንቀጠቀጣል ይላል፤ ለመስቀሉ ግን አይንቀጠቀጥም ነበር።

ባሲሊሳ ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት ከግዞት ተመለሰች፤ ፀጉሯ ነጥቷል፣ ጀርባዋ ጎብጧል። መስቀል አላዘዘችም። ሴቶቹ "ባሲሊሳ፣ ጸሎቱን አድርሺለት፣ ነፍሱ አትንከራተት" ሲሏት ትቆጣለች። "ልጄን በቁሙ ልትቀብሩት? አበልጄ በድንግል ስም ምሎልኛል!" ትላለች። ከብራዚል ምርኮኞች ተመለሱ ሲባል በእግሯ አሱንሲዮን ድረስ ወርዳ መርከብ ትጠብቃለች። ሦስት ጊዜ ወረደች። ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው ክሪሳንቶ ቤት ነው፤ "በዚህኛው አልነበረም" ትለዋለች። እሱም "የሚቀጥለው ይመጣል" ይላታል። ምግቡን የምትሠራለት፣ ሸሚዙን የምታጥብለት እሷ ነበረች፤ ልጄን የሰጠኝ ሰው እያለች። እሱም የቀረበለትን ይበላ ነበር። እንዲህ እያሉ ከዚያ መሐላ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ ከቦነስ አይረስ የመጣ፣ የጦርነቱን ጋዜጦች የሚሰበስብ ሰውዬ ቶባቲ ገባ። ጠዋት ነበር። ክሪሳንቶ ግቢ ውስጥ መስቀል ይልጋል፤ ባሲሊሳ እንደ ዘወትሯ ጥላው ሥር ካሳቫ ትልጣለች። ሰውዬው ትሑት ነው፣ ክፋትም የለውም። ቦርሳውን ከፍቶ ወረቀቶቹን ድንጋይ እየጫነ መሬት ላይ ዘረጋቸው፤ ኤሊው፣ ጦጣው፣ ከዚያ ክምሩ።

"ይህን የቀረጸው እርስዎ ነዎት አሉኝ" አለ ክምሩን አንሥቶ። "ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው፤ ጦርነት ያለው ይህ ላይ ብቻ ነው። እዩት ይህን የሞተ ልጅ! ማተሚያ ቤት ውስጥ ብዙ የጦርነት ሥዕል አይቻለሁ፤ ሰው በእውነት እንደተሠቃየ ያመንኩት ግን ይህን ፊት ሳይ ነው። ከየት አመጡት?"

ክሪሳንቶ መላጊያውን አላቆመም። ባሲሊሳ ቀና ብላ አየችና "እሱንማ አውቀዋለሁ" አለች እየሳቀች። "ለሱ ተገርፌበታለሁ። ልጄ መስሎኝ ነበር።"

ሰውዬው ጨዋታ ለመለወጥ ሳቅ አለ። "ጀማሪ እንደነበሩ ግን ያስታውቃል። ወታደሩ ማቴውን በግራው ነው የያዘው።"

"ግራኝ ይሆናላ" አለች ባሲሊሳ።

"አይ እማማ፣ ሁሉም ናቸው እኮ ግራኞች! ሳንቃው ሲታተም ይገለበጣል። ቀኝ ብለው የቀረጹት ግራ ሆኖ ይወጣል።"

የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

"ሁሉም ነገር?"

"ሁሉም ነገር።"

"ጠባሳም?"

"ጠባሳም።"

ባሲሊሳ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ከሰውዬው ተቀበለች። እንደ ድሮው ጣቷን በጉንጩ ላይ አላመላለሰችም። አየችው፣ ከዚያ አነጋገሯን ሳትለውጥ "አበልጄ" አለች። "እሱ ነው?"

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ጥያቄ ነው። አሁንም አይደለም ሊላት ይችል ነበር፤ ታምነው ነበር ብዬ አስባለሁ።

"ነው" አላት።

"ያን ቀን ታውቅ ነበር?"

"በጋሪ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። አፉን ጠርጌለታለሁ።"

"ሳንቃውስ?"

"ከሻምበሉ ባርኔጣ ሥር ነበር።"

እንግዳው ወረቀቶቹን ትቶ ወደ በሩ አፈገፈገ። ባሲሊሳ ፀጉሯን ፈታች። በኛ አገር ሴት ለሟቿ እንደምታደርገው እጆቿን ራሷ ላይ ጭና አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ሞከረች፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ጎረቤቶቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁ ነበር። ቆይታ እጆቿን አወረደች፣ ፀጉሯንም ሰብስባ መልሳ ቋጠረችው።

ወረቀቱን ከመላጊያው አጠገብ አኖረችው።

"አንተ አልቅስለት" አለችው። "እኔ የኔን ተገርፌበታለሁ።"